የሸክላ ማጫወቻ የእንጨት ሣጥን እድሳት

የሸክላ ማጫወቻ የእንጨት ሣጥን እድሳት የድሮ ግራሞፎን፣ ፒክአፕ ወይም ራዲዮግራም የተገጠመበትን የእንጨት ሣጥን የማጽዳት፣ የመጠገንና የቅቡን ወዝ የመመለስ ሥራ ነው። ከተራ የቤት ዕቃ እድሳት በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ሣጥኑ ድምፅ የሚያስተላልፍና ሙቀት የሚያስወጣ የመሣሪያው አካል ነው። ሁለተኛ፣ የብዙዎቹ ሣጥኖች ገጽ በጣም ስስ በሆነ የእንጨት ልባስ የተሸፈነ በመሆኑ ያለ ጥንቃቄ ከተፋቀ ጉዳቱ አይመለስም። በዚህም ምክንያት የእድሳቱ ዋና ደንብ ነባሩን ቅብ በተቻለ መጠን ማትረፍ ነው። እንደ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር የክረምቱ እርጥበት፣ የምድጃ ጭስና በአካባቢው የሚገኘው ቁሳቁስ የሥራውን አካሄድ ይወስናሉ።

ታሪካዊ ዳራ

የተቀረጸ ድምፅ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቀደም ብሎ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክና የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የተቀረጸ መልእክት ተለዋውጠዋል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዜማዎቹን በሸክላ አስቀርጿል። በ1961 ዓ.ም. ገደማ (በ1969 እ.ኤ.አ.) አምሃ እሸቴ «አምሃ ሪከርድስ»ን በአዲስ አበባ አቋቁሞ የዘመኑን ድምፃውያን ሥራ በሸክላ ማሳተም ጀመረ። ካሴት እስኪተካው ድረስ ሸክላ ዋነኛው የዘፈን ማሠራጫ ነበር።

ማጫወቻዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። በእጅ የሚጠመዘዘው ግራሞፎን በሞላ የሚሠራ ስለሆነ መብራት በሌለበትም ያገለግላል። ፒክአፕ በኤሌክትሪክ ወይም በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ማጫወቻ ነው። ራዲዮግራም ደግሞ ራዲዮንና ሸክላ ማጫወቻን በአንድ ትልቅ ሣጥን የያዘ የሳሎን ዕቃ ነው።

የሣጥኑ አሠራር

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአውሮፓ የተሠሩ ሣጥኖች አብዛኛውን ጊዜ ከኮምፔንሳቶ ወይም ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሠሩ ናቸው። በላያቸው ላይ እንደ ዋልነትና ማሆጋኒ ካሉ ውድ እንጨቶች የተገኘ፣ ቬነር የሚባል ስስ ልባስ ተለጥፏል። የልባሱ ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ቀደም ያሉት ግራሞፎኖች ግን ከጠንካራ ጣውላ የተሠሩም ይገኙባቸዋል።

የቅቡ ዓይነት እንደ ዘመኑ ይለያያል። በቀድሞዎቹ ላይ የሚገኘው ሼላክ ነው። ሼላክ በህንድና በታይላንድ ዛፎች ላይ የሚኖር ነፍሳት የሚያመነጨው ሙጫ ሲሆን፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት ተሰባሪ ሸክላዎችም የተሠሩት ከዚሁ ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት ድብልቅ ነበር። በኋላ ናይትሮ ሴሉሎስ ላከር፣ በ1960ዎቹ ደግሞ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ፖሊስተር ተተኩ።

ከሥራው በፊት

መሣሪያው ከመብራት ይነቀላል። በአምፑል የሚሠሩ የድሮ ራዲዮኖች ከተነቀሉ በኋላም በውስጣቸው አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊያቆዩ ስለሚችሉ ውስጡን መፍታት ያለበት የራዲዮ ጠጋኝ ነው። የመርፌው ክንድ ይታሰራል፤ መርፌውና ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ይወጣሉ። እያንዳንዱ ቡሎን ከየት እንደተፈታ በፎቶግራፍ ወይም በጽሑፍ ይመዘገባል። የድምፅ ማጉያው ጨርቅና የፋብሪካው ምልክት ከተነሡ በኋላ በደረቅ ቦታ ይቀመጣሉ።

ጽዳት

ምድጃ በሚነድበት ቤት የኖረ ሣጥን የጠቆረ የሚመስለው ብዙ ጊዜ እንጨቱ ሳይሆን በላዩ የተጋገረው ጥላሸትና ቅባት ነው። መጀመሪያ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይነሣል። ቀጥሎ በጥቂት ሳሙና ውኃ ነክሮ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ወዲያውም ይደርቃል። ውኃ ማፍሰስ ልባሱን ያስነሣል። ያልለቀቀው ቅባት በአኳራጅ ይጠረጋል። ብዙ ሣጥኖች ከዚህ ደረጃ በላይ ሥራ አያስፈልጋቸውም።

ቅቡን መለየት

ከጽዳት በኋላ የቀረው ቅብ ምን እንደሆነ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በሣጥኑ ጀርባ ወይም ሥር ይሞከራል።

• አንድ ጠብታ ስፒርቶ ሲነካው ከለሰለሰና ከተጣበቀ ሼላክ ነው።
• በስፒርቶ ሳይለቅ በቲነር ከለሰለሰ ላከር ነው።
• በሁለቱም ካልተነካ ቫርኒሽ ወይም ፖሊስተር ነው።

ይህ ሙከራ ከታለፈ ኪሳራው ከባድ ነው። በሼላክ ላይ የተደፋ ስፒርቶ ወይም በላከር ላይ የተቀባ ቲነር ከ50 ዓመት በላይ የቆየውን ቅብ በደቂቃዎች ያጠፋዋል። በአንጻሩ የቅቡ ማንነት ከታወቀ ይኸው ባሕርይ ይጠቅማል፤ የተሰነጣጠቀ ሼላክ በጥቂት ስፒርቶ ለስልሶ ተመልሶ ሊገጥም ይችላል።

የእንጨት ጥገና

የተነሣ ልባስ ከሥሩ ተጠርጎ ኮላ ይገባበታል፤ ከዚያም በወረቀትና በጠፍጣፋ ጣውላ ተጭኖ ለ24 ሰዓት ይታሰራል። በድሮ የእንስሳት ማጣበቂያ የተለጠፈ ከሆነ በጨርቅ ላይ የተደረገ ለብ ያለ ካውያ ማጣበቂያውን አቅልጦ ሊመልሰው ይችላል። የከሰል ካውያም ያገለግላል፤ ሙቀቱ ግን አስቀድሞ በሌላ እንጨት ላይ ይሞከራል።

ለጎደለ ጠርዝ በአካባቢው የሚስማማው እንጨት ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለመሥራት የሚመች፣ ቡናማ ቀለም ያለው፣ ለበር፣ ለወንበርና ለከበሮ የሚያገለግል እንጨት ሲሆን በተገቢ ቀለም ከዋልነት ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ሆኖም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ በመሆኑ፣ ለዚህ ሥራ ከተሰበረ የቤት ዕቃ የተረፈ ቁራጭ ይመረጣል። የቆየ እንጨት በሚገባ የደረቀ ስለሆነም አይጣመምም። ትናንሽ ቀዳዳዎች በስቱኮ ይደፈናሉ። ከቀዳዳዎቹ አዲስ የእንጨት ዱቄት የሚወጣ ከሆነ ነቀዙ ገና በሕይወት ስላለ ከመቀባቱ በፊት መወገድ አለበት።

የብርጭቆ ወረቀት የሚያስፈልገው ቅቡ ከጥገና ካለፈ ብቻ ነው። 240 ወይም ከዚያ የላቀ ቁጥር ያለው ደቃቅ ወረቀት በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ በእጅ ይሳባል። የኤሌክትሪክ ማሽን በስስ ልባስ ላይ አይውልም፤ በተለይ በጠርዞች ላይ ልባሱ ተፍቆ ከሥሩ ያለው ኮምፔንሳቶ ከታየ በማንኛውም ቀለም አይሸፈንም።

አዲስ ቅብ

ሼላክ። ከ200 እስከ 250 ግራም የሼላክ ቅርፊት በ1 ሊትር ስፒርቶ ተበትኖ ያድራል። በበፍታ ጨርቅ በተጠቀለለ ጥጥ በጣም ስስ አድርጎ ደጋግሞ ይቀባል። የእንጨት ሠራተኞች ሎስትሮ የሚሉት አንጸባራቂ ገጽ የሚገኘው ከብዙ ስስ ድርብርቦች እንጂ ከአንድ ወፍራም ቅብ አይደለም። ስፒርቶው ከ95 በመቶ በላይ ንጹሕ መሆን አለበት። በየቤቱ የሚወጣ አረቄ ብዙ ውኃ ስላለበት ሼላክን በሚገባ አያሟሟም፤ ቅቡንም ያነጣዋል።

የተልባ ዘይት። ለሥራው የሚሆነው ቶሎ እንዲደርቅ የተዘጋጀው ነው። ለምግብ የሚውለው የኑግ ዘይት ሙሉ በሙሉ ስለማይጠነክር ገጹን አጣባቂ ያደርገዋል፤ አቧራም ይሰበስባል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊነድ ስለሚችል ውጭ ተዘርግቶ ይደርቃል።

የንብ ሰም። ማር በሚበዛበት ጎጃም በቀላሉ የሚገኝ ነው። በ62–64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። በእሳት ላይ በቀጥታ ሳይሆን በሙቅ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ይቀልጣል፤ ከእሳት ርቆ አኳራጅ ይደባለቅበታል። ሲቀዘቅዝ ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ ከደረቀ በኋላም በሱፍ ጨርቅ ይወለወላል። በሰም ላይ ሌላ ቅብ ስለማይይዝ ሁልጊዜ የመጨረሻው ደረጃ ነው።

ስፒርቶ፣ ቲነርና አኳራጅ ተቀጣጣይ ስለሆኑ ሥራው ነፋስ በሚገባበትና ምድጃ፣ ሻማ ወይም ሲጋራ በሌለበት ቦታ ይከናወናል።

የአየር ጠባይ

በምዕራብ ጎጃም ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ አየሩን ያረጥባል። በዚህ ጊዜ የተቀባ ሼላክ ወይም ላከር እርጥበት ስቦ ነጭ ደመና ሊያወጣ ይችላል፤ ኮላም ለመድረቅ ይዘገያል። ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ ወቅት የተሻለ ነው። ሣጥኑ ቅቡ እስኪደርቅ ድረስ ከአቧራ ሊጠበቅ ይገባል፤ በፀሐይ ላይ ግን አይሰጣም፤ ልባሱና ሥሩ ያለው እንጨት እኩል ስለማይሸበሸቡ ይሰነጠቃል።

መልሶ መግጠም

የጀርባው ክዳን ቀዳዳዎች የአምፑሎቹ ሙቀት የሚወጣባቸው ናቸው፤ ለውበት ሲባል መደፈናቸው እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የድምፅ ማጉያው ጨርቅ ድምፅ በሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ እንጂ በወፍራም መጋረጃ አይተካም። ከሣጥኑ በታች ያሉት የጎማ እግሮችም ንዝረት ወደ መርፌው እንዳይደርስ ስለሚከላከሉ ተመልሰው ይገጠማሉ።

የእድሳቱ ወሰን

የባለቤቱ እጅ ያለሰለሰው ክዳን፣ የደበዘዘው የፋብሪካ ምልክትና የጠጋኙ የእርሳስ ጽሑፍ የዕቃውን ዕድሜና ታሪክ የሚመሰክሩ ናቸው። ቅቡ ተፍቆ አዲስ የተደረገ ሣጥን ያብለጨልጭ ይሆናል፤ መቼና በምን እንደተሠራ የሚያሳየው ማስረጃ ግን አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጥሩ እድሳት የሚባለው ኋላ የሚመጣ ባለሙያ ሊያነሣው የሚችል፣ እንጨቱን ያላሳነሰና ማጫወቻው እንደገና ሸክላ እንዲያጫውት ያስቻለ እድሳት ነው።