ባዶ ቤት ስንመኝ

እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አንድ የጋራ በሽታ አለብን፤ ይኸውም ቪዛም ገንዘብም ሳይኖረን አውሮፓን መዞር ነው። መብራት ከጠፋ በኋላ አልጋችን ላይ እንደተጋደምን ስንቱን አገር አዳርሰናል! ፓሪስና ለንደን ግን ሰልችተውናል። የኛ ምኞት ለየት ያለ አሮጌ ቤት ነው።

ለምሳሌ በደቡብ ኢጣሊያ፣ አልቤሮቤሎ በምትባል ከተማ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ በደረቅ ድንጋይ ብቻ የተካቡ፣ ጣራቸው እንደ ጎጆ ሾጠጥ ያለ ቤቶች አሉ፤ ትሩሊ ይሏቸዋል። የአገሩ ሰው እንደሚተርከው፣ መስፍኑ ለንጉሡ ግብር ላለመክፈል ሲል ነው ጭሰኞቹን እንዲህ እንዲሠሩ ያስገደዳቸው፤ ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ቶሎ እንዲፈርስ። በ1797 ንጉሥ ፌርዲናንዶ 4ኛ ከመስፍኑ ነፃ አወጣቸው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) ተረኩ እውነት ከሆነ እንግዲህ ያን የሚያምር ጣራ የወለደው ፍርሃት ነው ማለት ነው። ይህን ካነበብን ወዲህ አሮጌ ቤት ባየን ቁጥር «ለመሆኑ ማን ነበረበት?» ማለት ለመድን።

በዚህ ዓይን ስናይ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የወሰደው ማቴራ ነው። ማቴራም በደቡብ ኢጣሊያ፣ በባዚሊካታ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው። አሮጌው ሰፈር «ሳሲ» ይባላል፤ ድንጋዮች ማለት ነው። ቤቶቹ ከለስላሳው አለት የተፈለፈሉ ዋሻዎች ሲሆኑ፣ አንዱ በሌላው ላይ ስለተደራረቡ የታችኛው ቤት ጣራ ለላይኛው መንገድ ነው። ሰዉ የዝናቡን ውሃ በቦይ እየመራ በአለት ውስጥ በቆፈረው ጉድጓድ ያጠራቅም ነበር። በዋናው አደባባይ ሥር ያለው ትልቁ ማጠራቀሚያ 5 ሚሊዮን ሊትር ያህል ይይዛል፤ ተረስቶ ኖሮ በ1991 ነው እንደገና የተገኘው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ብልኃት የነበረው ሰፈር እንዴት ተበላሸ? በ1806 የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ወደ ፖቴንዛ ሄደ። ሕዝቡም በዛ። ቦታ ሲጠብ የከብቱ ጋጥ የሰው ቤት ሆነ፤ የውሃው ጉድጓድ ራሱ ሳይቀር ደርቆ ሰው ገባበት። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ በሆነ አንድ ክፍል ውስጥ አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ አህያና አሳማ አብረው ያድሩ ጀመር። አልጋው እርጥበቱን ለመሸሽ ከፍ ተደርጎ ይሠራል፤ ከሥሩ ዶሮዎች። ሕፃን የሚተኛው በልብስ ሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ ነው። እኛ ያን ፎቶግራፍ እያየን «አቤት ውበት!» ስንል የነበረው እንግዲህ ይህን ነው።

ይህን ጉድ ለዓለም የገለጠው ሰው ታሪክ ከኛ ታሪክ ጋር ይነካካል። በ1935፣ ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር በሚሰናዳበት ዓመት፣ በትምህርቱ ሐኪም በሙያው ሠዓሊ የሆነ ካርሎ ሌቪ የሚባል የቶሪኖ ሰው፣ ፀረ ፋሺስት ነህ ተብሎ ወደ ማቴራ አውራጃ በግዞት ተላከ። በግንቦት 1936 አዲስ አበባ በመያዟ ደስታ በተሰጠ ምሕረት ነው የተለቀቀው። የኛ ጥቁር ቀን ለሱ የመፈታት ቀን ሆነ። እሱም ቢሆን አልፈነደቀበትም፤ እነዚያ ገበሬዎች የሮማን ጦርነት የራሳቸው አድርገው እንዳልቆጠሩት አይቷልና። በ1945 ባሳተመው «ክርስቶስ ኤቦሊ ላይ ቀረ» በተባለው መጽሐፉ፣ ሐኪሟ እህቱ በማቴራ ስታልፍ ያየችውን ይነግረናል፦ ዓይናቸው በትራኮማ ያበጠ፣ በወባ የመነመኑ ልጆች እየተከተሏት ኪኒን ይለምኗታል። ሳንቲም አይደለም፣ ኪኒን! ቃሉ ለኛም ባዳ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ፖለቲከኛው ሁሉ ነቃ። ሳሲ የኢጣሊያ ኀፍረት ተባለ። በ1950 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴ ጋስፔሪ መጥተው አዩ፤ በ1952 ሕግ ወጣ፤ 15 ሺህ ያህል ሰው ከዋሻ ወደ አዲስ ቤት ተዛወረ። ተመልሰው እንዳይገቡም የብዙው ዋሻ በር በግንብ ተደፈነ።

መዛወሩ ክፉ ነበር አንልም። ሕፃናት በወባ የሚያልቁበትን ቤት «ባህል ነው፣ አትንኩት» የሚል ሰው ካለ ራሱ ሄዶ አንድ ክረምት ይክረምበት። ይሁንና ሹማምንቱ በሽታውን ሲያዩ ጉርብትናውን አላዩም። የዋሻዎቹ በሮች በጋራ ግቢ ዙሪያ ነበር የሚከፈቱት። ዱቄቱ እቤት ተቦክቶ፣ ዳቦው በሰፈር ምድጃ ሲጋገር የማን እንደሆነ እንዲታወቅ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከእንጨት በተቀረጸ ማኅተም ሊጡ ላይ ያትም ነበር። ላ ማርቴላ የተባለውን አዲስ መንደር የነደፈው ሉዶቪኮ ኳሮኒ ይህን ጉርብትና ለማዳን ሞክሯል፤ ጋጡን እንኳ ከቤቱ አጠገብ አደረገላቸው። ዳሩ ግን ግቢ በሜትር ተለክቶ ይሠራ ይሆናል እንጂ ጎረቤት በትእዛዝ አይሠራም።

ባዶው ሳሲስ? በ1964 ፓዞሊኒ ኢየሩሳሌምን የምትመስል ከተማ ቢፈልግ ፊልሙን እዚያ ቀረጸ። በ1986 ሰፈሩን የሚያድስ ሕግ ወጣ፤ በ1993 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በ2019 ማቴራ የአውሮፓ የባህል ከተማ ተባለች። አህያ ያደረበት ዋሻ ሆቴል ሆነ፣ ያውም ውድ ሆቴል። አለቱ ያው አለት ነው፤ አዳሪው ነው የተለወጠው።

መሄዱን አልተውንም፤ የጉዞውን መሥመር ግን ቀይረናል። ገንዘቡ የተገኘ ዕለት መጀመሪያ የምንወርደው ላ ማርቴላ ነው። በልጅነቱ ከዋሻ የወጣ አንድ ሽማግሌ ካገኘን የምንጠይቀውንም ከወዲሁ ተማክረናል፦ የዳቦው ማኅተም አብሯችሁ መጣ? አዲሱ ቤት የገባችሁ ለት ማታ ማን አጠገብ ተኛህ?