የጓሮ አትክልትን ማፈራረቅ

የጓሮ አትክልትን ማፈራረቅ በአንድ መደብ ላይ የአንድ ቤተሰብ ተክሎችን በተከታታይ ወቅቶች አለማልማት ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ ስንዴና ገብስን ከባቄላና ከአተር ጋር ሲያፈራርቅ ኖሯል፤ ጓሮ ላይ ግን ቦታው ስለሚጠብ ልማዱ በቀላሉ ይዘነጋል።

ቁም ነገሩ የተክሎቹን ዝምድና ማወቅ ነው። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን መልካቸው ቢለያይም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ድንች በተቆፈረበት መደብ ቲማቲም መትከል ማፈራረቅ ሊባል አይገባም፤ ድንችን የሚያጠወልገው ራልስቶኒያ የተባለ ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ቆይቶ ቲማቲሙንም ቃሪያውንም ያጠቃልና። የሐበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመንም እንዲሁ ዘመዳሞች ናቸው።

ባቄላ፣ አተርና ፎሶሊያ ሥራቸው ላይ ባሉት እባጮች የሚኖሩ ራይዞቢየም ባክቴሪያዎች የአየርን ናይትሮጅን ለተክሉ ወደሚስማማ ምግብ ይለውጡላቸዋል። ስለዚህ ምርቱ ከተለቀመ በኋላ ግንዱን ቆርጦ ሥሩን አፈር ውስጥ መተው፣ ናይትሮጅን አብዝቶ የሚፈልገውን ጎመንም ማስከተል እጅግ ጥሩ ቅደም ተከተል ነው። ካሮትና ቀይ ሥር ከጎመኑ በኋላ ይገባሉ።

አንድ ቤተሰብ ወደ ቀድሞ መደቡ እስኪመለስ ከ3 እስከ 4 ዓመት ቢቆይ ይመከራል። ማፈራረቅ ግን ሁሉን በሽታ አያሸንፍም። ነጭ ሽንኩርትን የሚያበሰብሰው ነጭ ሻጋታ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎቹ አፈር ውስጥ 20 ዓመት ያህል ሊቆዩ ይችላሉ፤ እዚህ ላይ ዋናው መከላከያ ከበሽታ የጸዳ ዘር መትከል ነው። የጓሮ ባለቤቶች ሆይ፣ የትኛው መደብ ምን እንደያዘ በየወቅቱ በደብተር መዝግቡ።