ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ነባር ተሽከርካሪ፦ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋማ አካባቢዎች ለሚገኙ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

አጠቃላይ

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በአገልግሎት ላይ ያሉ ነባር ተሽከርካሪዎችን በአግባቡ ጠብቆ መጠቀም ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ከሰቆጣ ወደ ኮረም፣ ወደ ላሊበላ፣ ወደ አምደወርቅና ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚወስዱ መንገዶች ላይ ጋራዥ በቅርብ አይገኝም። በመሆኑም አሽከርካሪው የብልሽቱን ምንነት ራሱ መለየት መቻሉ ጊዜን፣ ገንዘብንና አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወትን ያተርፋል።

ይህ መረጃ የሚመለከተው ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ሞተሩን እያዞረ፣ ሞተሩ ግን የማይነሳበትን ሁኔታ ነው። ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ከሌለ ወይም «ጠቅ» ብሎ ብቻ ከቆመ፣ ጉዳዩ የባትሪ፣ የባትሪ ገመድ ወይም የሞተሪኖ ስለሆነ የተለየ ምርመራ ይጠይቃል።

ከምርመራ በፊት ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

1. ተሽከርካሪውን በተቻለ መጠን ከመንገዱ ማውጣት፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ማስደገፍ እና አንጸባራቂ የማስጠንቀቂያ ምልክት ከኋላ በበቂ ርቀት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ጠመዝማዛ መንገድ ከሆነ ምልክቱ ከመታጠፊያው በፊት መቀመጥ አለበት።
2. ኮፈኑ ተከፍቶ በሚሠራበት ጊዜ ሲጋራ፣ ክብሪትም ሆነ ኩራዝ ማቅረብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።
3. ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ ማዞር አይገባም። በየሙከራው መካከል ቢያንስ አንድ ደቂቃ ማሳረፍ ሞተሪኖው እንዳይቃጠልና ባትሪው እንዳያልቅ ይረዳል።
4. ተሽከርካሪው ሕመምተኛ ወይም ወላድ የጫነ ከሆነ፣ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ሌላ ማጓጓዣ ማፈላለግ ይቀድማል።

በመጀመሪያ የሚታዩ ቀላል ነገሮች

የነዳጅ መለኪያው በነባር መኪና ላይ ተጣብቆ ሐሰተኛ ንባብ ሊያሳይ ስለሚችል፣ በሰልባትዮው ውስጥ ነዳጅ መኖሩ በሌላ መንገድ መረጋገጥ አለበት። ነዳጁ በቅርቡ በጀሪካን የተገዛ ከሆነ ውኃ የገባበት፣ ወይም ቤንዚንና ናፍጣ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ጥቂቱን በጠራ ብርጭቆ ቀድቶ ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ውኃ ካለ ከታች ይዘቅጣል። ቀጥሎ ፊውዞች ይታያሉ።

ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነትም ይደመጣል። አዟዟሩ ደካማ ከሆነ ባትሪው ሞተሪኖውን ለማዞር ብቻ እንጂ በቂ ብልጭታ ለመስጠት አይችልም። ጤነኛ ባትሪ ሞተሩ ሳይዞር 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ወይም የገመዱ ማያያዣ መታየት አለበት። በተቃራኒው ሞተሩ ከወትሮው ቀልሎና ፈጥኖ የሚዞር ከሆነ የታይሚንግ ቺንጋ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሙከራውን ወዲያውኑ ማቆም ይገባል። መቀጠሉ ቫልቮችን ሊያጣምም ይችላል።

የቤንዚን ሞተር

የቤንዚን ሞተር ለመነሳት ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ ነዳጅ፣ አየርና በትክክለኛው ጊዜ የሚደርስ የእሳት ብልጭታ። ምርመራው የትኛው እንደጎደለ መለየት ነው።

ብልጭታ፦ አንድ ካንዴላ ተፈትቶ ይታያል። እርጥብና የቤንዚን ሽታ ያለው ከሆነ ነዳጅ ደርሷል፤ የጎደለው ብልጭታ ነው፣ ወይም ነዳጁ ከመጠን በላይ ሆኗል። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም። ብልጭታን ለመፈተን ካንዴላው በገመዱ ላይ ተሰክቶ፣ ብረቱ ከሞተሩ አካል ጋር በደንብ ተነካክቶ፣ ከተከፈተው የካንዴላ ቀዳዳና ከነዳጅ ርቆ ይቀመጣል፤ ከዚያም ሌላ ሰው ሞተሩን ያዞራል። የሚፈጠረው ኃይል ከ10,000 ቮልት በላይ ስለሆነ ገመዱንም ሆነ ካንዴላውን በእጅ መያዝ አይፈቀድም። ብልጭታ ከሌለ የዲስትሪቢውተሩ ክዳን፣ ፑንቲናው፣ ቦቢናውና ገመዶቹ በቅደም ተከተል ይታያሉ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ወቅት በዲስትሪቢውተር ክዳን ውስጥ የሚጠራቀም እርጥበት የተለመደ ምክንያት ሲሆን፣ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብዙ ጊዜ መፍትሔ ይሆናል።

ነዳጅ፦ በካርቡራተር በሚሠራ መኪና የአየር ፊልትሮው ክዳን ተነስቶ፣ ሞተሩ ሳይዞር የነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ ቀጭን የቤንዚን ፍሰት መታየት አለበት። ካልታየ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ፖምፓና ቱቦ ይመረመራሉ። ሽታው ጠንካራና ካንዴላዎቹ የራሱ ከሆነ ሞተሩ በነዳጅ ታፍኗል፤ ቾኩን ከፍቶ፣ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሳይለቁ ለጥቂት ሰከንድ ማዞር ትርፉን ነዳጅ ያስወጣል።

የናፍጣ ሞተር

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ዋናው ምልክት ነው።

ጭስ ጨርሶ ከሌለ ነዳጅ ወደ ሲሊንደር አልደረሰም። ሰልባትዮው ባዶ ሆኖ ከነበረ ወይም ፊልትሮ ከተቀየረ በመስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው። በነባር ላንድክሩዘርና በመሳሰሉት ላይ በፊልትሮው ራስ የሚገኘውን የእጅ ፖምፓ በመጫን፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ አየሩን በማስተንፈሻው ማስወጣት ይቻላል። ቁልፉ ሲከፈት በፖምፓው ላይ ያለው የነዳጅ መዝጊያ ሶሌኖይድ «ጠቅ» ማለት አለበት፤ ካላለ ፊውዙና ገመዱ ይታያሉ። ከኢኔቶር መስመር በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ናፍጣ ቆዳን ሰንጥቆ ስለሚገባ፣ የሚያፈስ መስመርን በእጅ መፈለግ አደገኛ ነው።

ነጭ ጭስ ከወጣ ነዳጁ ደርሷል፣ አልተቀጣጠለም። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ብርዳማ ማለዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የካንዴሌታ መቃጠል ወይም አሽከርካሪው የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ አለመታገሡ ነው።

የአካባቢው ከፍታና ሙቀት

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ከአራት እጅ አንዱን ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላዎች ይጠቁራሉ፣ ሞተሩም በቀላሉ ይታፈናል። ቾክ መጠቀም ያለበት ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። በበጋ አቧራ የተደፈነ የአየር ፊልትሮም ይህንኑ ችግር ያባብሳል።

ከአበርገሌና ከዝቋላ ቆላ ወደ ደጋው የሚወጣ የቤንዚን መኪና ለአጭር ጊዜ ቆሞ አልነሳ ካለ፣ በፖምፓውና በቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን በሙቀት ተኖ ሊሆን ይችላል። ኮፈኑን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅና በነዳጅ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ በአብዛኛው ይበቃል።

ሊደረጉ የማይገባቸው

• ቤንዚን በእጅ ወደ ካርቡራተር እያፈሰሱ ሞተሩን ማዞር። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተነፍስ እሳት ይነሳል፤ በዚህ መንገድ ተሽከርካሪም ሰውም ሊቃጠል ይችላል።
• ሞተሪኖው በደንብ እያዞረው ያለን ሞተር ገፍቶ ለማስነሳት መሞከር። መግፋት የሞተሪኖን ሥራ ብቻ የሚተካ ስለሆነ ነዳጅ ወይም ብልጭታ ለጎደለው ሞተር አይጠቅምም። ሞተር በጠፋበት ቁልቁለት ላይ ደግሞ የፍሬን አጋዥ ኃይል አይኖርም፤ መሪውም ሊከብድ ይችላል።
• ካንዴሌታ ባለው የናፍጣ ሞተር ላይ የማስነሻ ስፕሬይ መጠቀም።

ወደ ጋራዥ ሲወሰድና ከጥገና በኋላ

ባለሙያው ጊዜ እንዳያባክን፣ ብልጭታ መኖር አለመኖሩን፣ የጭሱን ቀለም፣ ነዳጁ የተቀዳበትን ጊዜና ብልሽቱ በብርድ ወይም በሙቀት መከሰቱን ባለንብረቱ መግለጽ ይጠበቅበታል። ሞተሩ ከተቀየረ አዲሱ የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ስለማይመሳሰል፣ ባለንብረቱ የሞተሩን ሕጋዊ የግዥ ሰነድ ይዞ ተሽከርካሪው ወደተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ለውጡን ማስመዝገብ አለበት። ተሽከርካሪ የሚመረመረውና የሚመዘገበው በሕግ መሠረት ነው። ዓመታዊ ምርመራው ከመድረሱ በፊት ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ባትሪና ቺንጋ ማስፈተሽ በመንገድ ላይ ከሚደርስ እንግልት ያድናል።