«አዮዲን ያለው ጨው»፦ የፓኬቱ ቃልና የውስጡ እውነት

ውጫሌ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላችሁ አንቀጽ 17 ነው አይደል? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነበር። የጽሑፍ ልዩነት ጣጣው እስከ ዓድዋ ደረሰ።

አሁን ደግሞ እዚያው ውጫሌ ካለ ሱቅ የጨው ፓኬት ገዝታችሁ እዩ። «አዮዲን ያለው» የሚለውን ማመን ይቻላል?

እስከ 1990 ዓ.ም. አብዛኛው ጨው ከኤርትራ ወደቦች የሚመጣ፣ አዮዲን የተጨመረበት ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው የአፋሩ አፍዴራ ተተካ፤ አዮዲኑ ግን ቀረ። አዮዲን ሲያንስ እንቅርት ይወጣል፤ እናቲቱ እርጉዝ ከሆነች ደግሞ የጽንሱ አእምሮ ይጎዳል። በ2003 ዓ.ም. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ ገደማ በሚሆኑ ቤቶች ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አወጣ፤ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ግድ ሆነ። በ2007 ዓ.ም. ሲለካ ከ10 ቤት በ9ኙ አዮዲን ተገኘ።

ቆይ፣ ገና አታጨብጭቡ! በቂ መጠን፣ ማለትም በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊግራም፣ የተገኘው በ26 በመቶው ብቻ ነው። ፋብሪካው በደንብ ካላቀላቀለው አንዱ ፓኬት ይበዛበታል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል። የቀረውንም ፀሐይና እርጥበት ያበንኑታል።

ደንብ ፓኬት ላይ ያጽፋል፤ ጽሑፉን እውነት የሚያደርገው ግን በየጊዜው መለካት ነው። የእናንተ ድርሻ? ጨዉን በተከደነ ዕቃ፣ ከእሳት አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ።