ጥጡን ያቃጠለው ማን ነው?

መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ ሱቅ አለዎት እንበል። አንድ ደንበኛ ዱቤ ይጠይቅዎታል። ከዚህ በፊት አሥር ጊዜ ወስዶ አሥር ጊዜ ከፍሏል። «ዛሬም ይከፍላል» ብለው ይሰጡታል። ለመሆኑ አሥሩ ለአሥራ አንደኛው ዋስ የሆነው በምን ሕግ ነው? «እንዲህ አስቤ ከስሬ አላውቅም» ካሉ፣ ያለፈውን ለሚመጣው ዳግመኛ ዋስ መጥራትዎ ነው። ዋሱም ዋስ ያሻዋል።

ይህን ጥያቄ በአውሮፓ ያስነሳው እስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ነው፤ በ1739 እና በ1748 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው መጻሕፍት። የጥያቄው ሥር ግን ከእርሱ 640 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ባግዳድ ውስጥ ተቆፍሯል። ኢማም አቡ ሃሚድ አል-ገዛሊ በ1095 (488 ዓመተ ሂጅራ) በፈጸሙት «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» በተሰኘው ኪታባቸው 17ኛ ክፍል ላይ ጥጥና እሳትን ያነሳሉ። እሳት ጥጥን ሲነካ ጥጡ ይቃጠላል። ዓይናችን የሚያየው ግን መቃጠሉ ከመንካቱ ጋር አብሮ መምጣቱን ብቻ ነው፤ እሳቱ የግድ ማቃጠሉን ያየ የለም። ነገሩ ለኢማሙ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። እሳት የግድ የሚያቃጥል ከሆነ ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ከእሳቱ እንዴት በሰላም ወጡ?

እስቲ ሲኒማ ቤቱን ያስቡ። (ኢማሙ ፊልም አላዩም፤ ምሳሌው የኔ ነው።) በፊልም ጥቅል ዘመን በሰከንድ 24 ምስሎች በመብራቱ ፊት ያልፉ ነበር። ክብሪት ይጫራል፤ ጎጆ ይነዳል፤ ተመልካች ይደነግጣል። ነገር ግን የክብሪቱ ምስል የጎጆውን ምስል አላቃጠለም። እያንዳንዱን ምስል ሸራው ላይ የጣለው ከኋላ ያለው መብራት ነው፤ ቅደም ተከተሉንም የወሰነው ፊልሙን የቀጠለው ሰው ነው።

እንዲህ ከሆነማ ምን ይታመናል? ይህን ተቃውሞ ኢማሙ ራሳቸው፣ በሚያስቅ አኳኋን፣ አንስተውታል፦ ቤቴ የተውኩት ኪታብ አሁን ፈረስ ሆኖ ክፍሉን በፋንድያ አበላሽቶት ይሆን? መልሳቸው፣ አላህ ይህን ማድረግ ቢችልም እንዳላደረገው የማወቅን ዕውቀት በውስጣችን ፈጥሯል፤ የነገሮች መደጋገምም ይህን በልባችን አጽንቶታል የሚል ነው።

የኮርዶባው ኢብን ሩሽድ ከ80 ዓመት በኋላ ገደማ በጻፉት መልስ አልተዋጠላቸውም። ምክንያትን የካደ አእምሮን ክዷል አሉ። «ልማድ» የምትሉትስ የማን ልማድ ነው? የአላህ? የእሳቱ? ወይስ የእኛ? ብለው አፋጠጡ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄያቸው ከባድ ነው። የአል-ገዛሊ መልስ ነገ እንደ ትናንት ይሆናል ብለን ለምን እንደምናምን ይነግረናል፤ ትክክል ስለመሆናችን ግን ማስረጃ አይሰጠንም። ሂዩምም ቢሆን ከዚያ አላለፈም፤ እርሱም «ልማድ» ብሎ አቆመ።

የፊቅህ ሊቃውንት ግን መልሱን ሳይጠብቁ ሥራቸውን ቀጥለዋል። በአገራችን ብዙዎች በሚከተሉት በሻፊዒ መዝሀብ የወር አበባ ትንሹ መጠን አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ትልቁ 15 ቀን የተባለው በኢስቲቅራእ፣ ማለት የብዙ ሴቶችን ሁኔታ አንድ በአንድ በማጣራት ነው። ሁሉም ሴቶች ስላልተጠየቁ የሚገኘው የቂን ሳይሆን ዘን፣ ያመዘነ ግምት ነው። ሶላትና ጾም ግን በዚህ ግምት ላይ ቆመዋል።

«እሳት የግድ አያቃጥልም» ያሉት ሻፊዒዩ አል-ገዛሊም ቢሆኑ በ«ኢሕያእ» የተወኩል ክፍል ላይ፣ ተርቦ ምግብ ቀርቦለት «ተወኩል አድርጌያለሁ» እያለ እጁን የማይዘረጋውን ሰው እብድ ነው ይሉታል።