የተሰናባች ዕቃ

ሩንዳ ከናይሮቢ በስተሰሜን፣ ከጊጊሪ ቀጥሎ ያለ ሰፈር ነው። መሬቱ ቀድሞ የቡና እርሻ ነበር። ዛሬ ሰፋፊ ግቢ፣ ከፍ ያለ አጥርና በየመግቢያው ዘበኛ ያለበት የዲፕሎማቶች፣ የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞችና የሀብታም ኬንያውያን መኖሪያ ነው። ከዚህ ሰፈር ሰው በየዓመቱ ይለቃል። የሚለቀው ሰው ሶፋውን፣ ፍሪጁን፣ የልጆቹን ብስክሌት፣ አንዳንዴም መኪናውን ሸጦ ይሄዳል፤ ሌላው ደግሞ ገዝቶ፣ አጽድቶና ጠጋግኖ፣ ፎቶ አንስቶ በኢንተርኔት ገበያ መልሶ ይሸጠዋል። ብዙ ሰው ይህን ንግድ ስማርት ስልክ የወለደው አድርጎ ያየዋል። ናይሮቢ ግን የተሰናባች ዕቃ መገበያየት የጀመረችው ኢንተርኔት ከመታሰቡ በፊት ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ዋጋውን ይበልጥ የወሰነው የዕቃው ማርጀት ሳይሆን ሻጩ የሚሄድበት ቀን ነው። በርካሽ የሚገዛው የሻጩ ጥድፊያ ነው፤ የሚያተርፈውም መጠበቅ የሚችል ሰው ነው። የዚህን ንግድ ታሪክ በዚህ ዓይን ካላየነው የኢንተርኔት ገበያው ምን እንደለወጠና ምን እንዳልነካ መለየት አንችልም።

ናይሮቢ በ1899 የኡጋንዳ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና የተቆረቆረች ከተማ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቀጥለው የመጡት ሰፋሪዎች ዕቃቸውን በመርከብ ከአውሮፓ አስጭነው ነበር፤ ነገር ሲበላሽባቸው ግን ያንኑ ዕቃ ተሸክሞ መመለስ ከባድ ነበር። ከሁሉ በደንብ የሚታወቀው የካረን ብሊክሰን ጉዳይ ነው። ዴንማርካዊቷ ጸሐፊ በ1914 መጥታ በንጎንግ ኮረብታዎች ግርጌ ቡና አለማች፤ እርሻው ከስሮ በ1931 ተሸጠ፣ እሷም በዚያው ዓመት አገሯ ገባች። ከቤት ዕቃዋ አብዛኛውን የገዛችው በባሏ መታሰቢያ የናይሮቢን የማክሚላን ቤተ መጻሕፍት ያሠራችው ሌዲ ማክሚላን ናት። ዴንማርክ በ1964 የብሊክሰንን ቤት ለነፃይቱ ኬንያ በስጦታ ሰጠች፤ ቤቱ በ1986 ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት ያ የተሸጠ ዕቃ ተፈልጎ ተመለሰና ዛሬ ለጎብኚ ይታያል። አንዲት የከሰረች ገበሬ ለመሄድ ስትጣደፍ የተሸጠ ወንበር ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ የአገር ቅርስ ሆነ ማለት ነው። ወንበሩ በእነዚያ ዓመታት አላማረበትም፤ የሚያጣድፈው ሰው ግን አልነበረም። እዚህ ላይ ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ ገዢዋና ሻጯ የአንድ ማኅበር ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን በናይሮቢ የሰፋሪው ዕቃ የሚዘዋወረው በሰፋሪው ሳሎንና ክበብ ውስጥ ነው፤ ያንን ወንበር በየቀኑ የሚወለውለው አፍሪካዊ ሠራተኛ ከገዢዎቹ አይቆጠርም ነበር።

ቀጥሎ የመጡት ስንብቶች የጅምላ ነበሩ። በ1962ቱ ቆጠራ በኬንያ ወደ 56,000 አውሮፓውያንና ወደ 177,000 የእስያ ተወላጆች ነበሩ። ነፃነት በታኅሣሥ 1963 ሲመጣ ብዙ ሰፋሪዎች ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ሮዴዢያና ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። ከዚያ ኬንያ በ1967 ባወጣቻቸው የኢሚግሬሽንና የንግድ ፈቃድ ሕጎች ዜግነት ያልወሰደውን የእስያ ተወላጅ ነጋዴ ሥራና መኖሪያ አጠበበችበት፤ እንግሊዝም በመጋቢት 1968 በሯን የሚያጠብ ሕግ አወጣች። ሕጉ ከመጽደቁ በፊት በነበሩት ሳምንታት ቤተሰቦች ሱቃቸውንና ቤታቸውን ጥለው ወደ አውሮፕላን ጣቢያ የጎረፉት ለዚህ ነው። ከዚህ የከፋው በጎረቤት ኡጋንዳ ሆነ፤ ኢዲ አሚን በ1972 የእስያ ተወላጆች በ90 ቀን ውስጥ እንዲወጡ አዘዘ፣ የቀረውን ንብረታቸውን የሚረከብ የመንግሥት ቦርድም ተቋቋመ። በእነዚህ ዓመታት ዕቃ ርካሽ የሆነው ሻጩ ለጋስ ስለሆነ አይደለም። 90 ቀን ያለው ሰው ገዢ አይመርጥም፤ ገዢው ይህን ካወቀ ደግሞ መጠበቅ ብቻ ይበቃዋል። የዚህ ንግድ ጨለማ ጎኑ እዚህ ላይ ነው። ስለ ርካሽ ግዢ የሚያወራ ሁሉ ርካሽነቱ ከማን ጫንቃ እንደወረደ መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሩንዳን ሩንዳ ያደረገው ግን ሌላ ዓይነት ስንብት ነው፤ አስቀድሞ የታቀደና በየጊዜው የሚመላለስ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1972 የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራሙ ዋና መሥሪያ ቤት ናይሮቢ እንዲሆን ወሰነ፤ ይህን የመሰለ መሥሪያ ቤት በታዳጊ አገር ሲተከል የመጀመሪያው ነበር። በ1978 የሰው ሰፈራው ድርጅት ሃቢታት ተጨመረ፣ በ1996 ደግሞ በናይሮቢ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። የአሜሪካ ኤምባሲ በነሐሴ 1998 በከተማው መሀል በቦምብ ከተመታና ከ200 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ አዲሱ ሕንፃ በ2003 ጊጊሪ ላይ ተከፈተ። ቢሮው ወደ ሰሜን ሲሄድ መኖሪያውም ተከተለው። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሠርቶ ወደ ሌላ አገር የሚዛወር ሠራተኛ የበዛበት ሰፈር ደግሞ በጠባዩ ዕቃ ይለቃል። እዚህ ላይ ሕግ ገባበት። በ1961ዱ የቪየና ስምምነት ዲፕሎማት የግል ዕቃውን ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ ኬንያም ይህን በ1970 በራሷ ሕግ ተቀበለች። ያ ዕቃ ቀረጥ የመክፈል ግዴታ ላለበት ሰው ሲሸጥ ግን ቀረጡ ይጠየቃል። ስለዚህ በተለይ መኪናና ውድ መሣሪያ ለሌላ ዲፕሎማት ሲሸጥ አንድ ዋጋ፣ ለተራ ኬንያዊ ሲሸጥ ሌላ ዋጋ ነበረው። ንግዱ በመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳና በጓደኛ ወሬ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተወስኖ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የብሊክሰን ዘመን ሳሎን በአዲስ መልክ ቀጠለ። ከአጥሩ ውጭ ላለው ሰው የነበረው በር የቤት ሠራተኛው፣ የአትክልተኛውና የዘበኛው እጅ ነው። ሩንዳን ታካ ባለችው ድሃ መንደር በጊቶጎሮ የሚኖሩ ሠራተኞች አሠሪያቸው ሲሄድ በስጦታ ወይም በትንሽ ገንዘብ ያገኙትን አውጥተው ይሸጡ ነበርና፣ የሩንዳ ዕቃ የመጀመሪያዎቹ መልሶ ሻጮች እነሱን መሰል ሰዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ታሪኩን በድረ ገጽ የሚጀምሩ ሁሉ እነዚህን ሰዎች ይዘሏቸዋል።

ድረ ገጹ ሲመጣ መሠረቱ ተጥሎ ነበር። የስልክ ኩባንያው ሳፋሪኮም በስልክ ገንዘብ መላኪያውን ኤምፔሳን በመጋቢት 2007 ጀመረ፤ በ2009 ደግሞ የባሕር ውስጥ ኬብሎች ሞምባሳ ደርሰው ኢንተርኔት ከሳተላይት ጥገኝነት ወጣ። በ2010ዎቹ ኦኤልኤክስ የተባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽ ያገለገለ ዕቃን በኢንተርኔት መሸጥ የዘወትር ነገር አደረገው፤ በ2019 ከናይጄሪያ የተነሳው ጂጂ የኦኤልኤክስን ሥራ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በጋና፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ጠቀለለው። በአሜሪካ ኢቤይ በ1995 ሲጀምር ጨረታን ከአዳራሽ አውጥቶ ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ ነበር። ናይሮቢ ላይ የሆነው ትንሽ ይለያል፤ ሰው ዋጋ ጽፎ ይለጥፋል፣ ገዢ ይደውላል፣ ይከራከራል፣ መጥቶ ያያል፣ በስልኩ ይከፍላል። የጥንቱ የፊት ለፊት ክርክር አልሞተም። የተለወጠው የሰሚው ብዛት ነው። በሩንዳ የተለጠፈ ሶፋን በሩዋካ ከተማ አዲስ አፓርታማ የተከራየ ወጣት፣ ወይም ቲካ ከተማ ላይ የእንግዳ ማረፊያ የምትከፍት ሴት እኩል ያዩታል። ብዙ ሰው ካየው ደግሞ ሻጩ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንኳ ከመጀመሪያው ገዢ የተሻለ ሊያገኝ ይችላል። ድረ ገጹ ለተሰናባቹ የሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ቀኑን ባያራዝምለትም በቀሩት ቀኖች ውስጥ ብዙ በር እንዲያንኳኳ አስችሎታል።

ታዲያ መልሶ ሻጩ ለምን አልጠፋም? ሁሉም ሰው ሁሉን ዕቃ በስልኩ ካየ መሀል ላይ ገብቶ የሚያተርፈው ሰው ጥቅም የለውም፣ የሚጨምረው ዋጋ ብቻ ነው የሚል ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ዕቃውን ሳይነካ ፎቶውን ብቻ ወስዶ ዋጋ ጨምሮ የሚለጥፍ አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ለገዢውም ለሻጩም የሚሰጠው ነገር የለም። ነገር ግን ሥራውን በወጉ የሚሠራውን እንይ። ተሰናባቹ ቤቱን በአንድ ቀን ባዶ ማድረግ ይፈልጋል፤ ገዢዎች ግን አንዱ ምንጣፍ፣ ሌላው ምጣድ፣ ሌላው ጄኔሬተር ነው የሚሹት። ሁሉን በአንድ ዋጋ አንስቶ፣ ፒክአፕ ተከራይቶ፣ መጋዘን ውስጥ አስቀምጦ፣ የማይሠራውን አሠርቶ፣ እያንዳንዱ ገዢ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው የጎደለውን ጊዜ ከኪሱ ያዋጣል። ገዢ ካልመጣ ኪሳራው የእሱ ነው። የኬንያ ሕግ ራሱ ጊዜ ዋጋ እንዳለው ያውቃል። በ1996 በወጣው የሐራጅ ሻጮች ሕግ መሠረት ሐራጅ ሻጭ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ በዕዳ የተያዘ ተንቀሳቃሽ ንብረት ከመሸጡ በፊትም ባለንብረቱ ከፍሎ እንዲያስመልሰው ቢያንስ የ7 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። እነዚያ 7 ቀኖች የተቀመጡት የተጣደፈ ሰው ንብረት በቀላሉ እንደሚበላ ስለታወቀ ነው። የሐራጅ ዕቃ ገዝቶ በድረ ገጽ የሚቸረችረው ሰው ትርፍም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ መዶሻው ሲወርድ አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰው ነበር፣ ስልክ ላይ ግን ብዙ ሰው አለ።

ሌላው ተቃውሞ የናይሮቢ የአሮጌ ዕቃ ታሪክ ከጊኮምባ የአሮጌ ልብስ ገበያ እንጂ ከሩንዳ አይጀምርም ይላል። በብዛት ከሆነ ልክ ነው። ሚቱምባ የሚሉት የቦንዳ ልብስ ከ1990ዎቹ የገበያ መከፈት ወዲህ ከተማዋን አልብሷል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ2016 በጊዜ ሂደት ሊያስቀረው ወስኖ ኬንያ ወደ ኋላ ያለችውም የአሜሪካን ገበያ እንዳታጣ ብቻ ሳይሆን ሕዝቧ ስለሚኖርበትም ነው። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ሲታገድ እገዳው ከነሐሴ አላለፈም። ነገር ግን ሁለቱ ንግዶች ተቃራኒ ናቸው። የቦንዳ ልብስ ባለቤቱ ማን እንደነበር አይታወቅም፤ ነጋዴው የታሰረ ቦንዳ ገዝቶ ሲፈታው ነው ዕድሉን የሚያየው። የሩንዳ ዕቃ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ይሸጠዋል፤ ስሙ፣ መሥሪያ ቤቱና የሚሄድበት ቀን ይታወቃል። የቦንዳው ነጋዴ ዕውቀቱ ጨርቅ መለየት ነው፣ የሩንዳው ደግሞ የሰው ሁኔታ ማንበብ። እኔ የምከራከረው ስለዚህኛው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ሐሳብ የሚፈትነው አዲስ አበባ ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 ከተቋቋሙ ወዲህ አዲስ አበባም እንደ ናይሮቢ ሰው የሚመላለስባት ከተማ ናት፤ ኤምባሲዎች መኪናና የቢሮ ዕቃቸውን በታሸገ ፖስታ ጨረታ ይሸጣሉ፣ የጉምሩክና የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያም የአዲስ ዘመን አንባቢ የሚያውቀው ነው። ከቆራሌው እስከ ምን አለሽ ተራ ድረስ የተጣለን ዕቃ የሚያነሳ እጅም ሞልቷል። ሆኖም ተሰናባች ሁልጊዜ በርካሽ አይሸጥም፤ ያገለገለ መኪና ከዓመታት በኋላ ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ በ2020ው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለች፣ በ2024 ደግሞ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከለከለች፤ የውጭ ምንዛሬ እጥረቱም አለ። ኬንያ ግን እስከ 8 ዓመት ያገለገለ መኪና ከጃፓን በሞምባሳ በኩል ስታስገባ ኖራለች፤ ገዢ በአንዱ ሻጭ ዋጋ ካልተስማማ ሌላ ይፈልጋል። በናይሮቢ የሚጣደፈው ሻጩ ሲሆን በአዲስ አበባ ገዢው ነው። ስለዚህ ሐሳቤን ማጥበብ አለብኝ፤ የተሰናባች ቀን ዋጋ የሚጥለው ዕቃ ከውጭ የሚገባበት በር ክፍት ሲሆን ብቻ ነው። በሩ ከተዘጋ የመጠበቅ አቅም ያለው ሻጩ ይሆናል፣ መልሶ ሻጩም ትርፉን የሚያገኘው ከገዢው ችግር ነው። ይህ ልዩነት ለእኔ የድረ ገጽን ኃይል ልኩን ያሳየኛል። ያው ስልክ፣ ያው ዓይነት ማስታወቂያ በሁለት ከተሞች ተቃራኒ ዋጋ ያወጣል፤ ወሳኙ የጉምሩክ ሕግና የጉዞ ቀን ነውና።

በ2025 ጊጊሪና ሩንዳ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ደረሰባቸው። የአሜሪካ የልማት ድርጅት ዩኤስኤድ በዚያ ዓመት ተበትኖ ናይሮቢ የነበረው ትልቅ ጽሕፈት ቤቱ ሥራ አቆመ፤ በዚህ ጊዜ የሄዱት ሰዎች እንደ ወትሮው የዝውውር ቀናቸውን ከዓመት በፊት የሚያውቁ አልነበሩም። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ወጪ ለመቀነስ አንዳንድ ቢሮዎቹን ከኒው ዮርክና ከመሰል ውድ ከተሞች ወደ ናይሮቢ ሊያዛውር ማቀዱ ተነገረ። በድንገት የሚሄደውና ተረጋግቶ የሚመጣው አንድ ሰፈር ላይ ተገናኙ። በመሀላቸው ያለው ክፍተት የወራት ነው፤ ያን ክፍተት መጋዘን ተከራይቶ መሻገር የሚችለው ደግሞ ሥራውን ያጣው ሹፌር ወይም የቤት ሠራተኛ ሳይሆን ገንዘብ ያለው ነጋዴ ነው።