መጀመሪያ የዘለለው ማን ነው?

ጥቅምት 10 ቀን 1915 ዓ.ም.፣ አሜሪካ፣ ኦሃዮ። መቶ አለቃ ሃሮልድ ሃሪስ በዴይተን ከተማ የማኩክ ፊልድ የሙከራ በረራ ኃላፊ ነው። የዚያን ዕለት አዲስ ዓይነት የክንፍ መቆጣጠሪያ የተገጠመለትን የሎኒንግ ተዋጊ አውሮፕላን ይዞ ከባልደረባው ጋር የአየር ውጊያ ልምምድ ገጠመ። ድንገት መሪው አልታዘዝ አለ፤ ግራና ቀኝ እየተወራጨ ጭኖቹን ይደበድብ ጀመር። ክንፉም መቀዳደድ ያዘ። ሃሪስ ቀበቶውን ፈትቶ ብድግ ሲል ነፋሱ መንጭቆ አወጣው።

እየተገለባበጠ ሲወርድ የፓራሹቱን መክፈቻ ቀለበት ሳበ፤ አልተከፈተም። ደግሞ ሳበ። ሠለሰ። ለካ የሚጎትተው የእግሩን ማሰሪያ ዘለበት ኖሯል! ትክክለኛውን ሲያገኝ ከመሬት የሚለየው 150 ሜትር ገደማ ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ የወይን ሐረግ ላይ አረፈ፤ ሰውነቱ ከመበለዙ በቀር ደህና ነበር።

የከተማው ጋዜጠኞች ወሬውን ተቀባበሉት። በፓራሹት የተረፉ ሰዎች ማኅበር ይቋቋም የሚለውም ሐሳብ የመጣው ከእነሱ ዘንድ ነው፤ «የአባጨጓሬ ክበብ» ተባለ፤ ፓራሹቱ አባጨጓሬ ከሚያመርተው ሐር ይሠራ ስለነበር። ሃሪስም «የመጀመሪያው» ተብሎ ተመዘገበ።

ጀርመኖች ግን ይህን አይቀበሉም። በ1910 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳያበቃ፣ ሄልሙት ሽታይንብሬኸር ከተመታ አውሮፕላኑ ዘሎ ተርፏል። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ስመ ጥሩው ኤርንስት ኡዴት ሲዘል ማሰሪያው ከአውሮፕላኑ ጭራ ጋር ተጠላልፎ፣ ታግሎ አላቅቆ ነው የዳነው። አሜሪካኖቹ መልስ አላቸው፦ የጀርመኖቹ ፓራሹት ከአውሮፕላኑ ጋር በገመድ ታስሮ በራሱ የሚከፈት ነው፣ ሃሪስ ግን በገዛ እጁ ከፈተ። ልዩነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ጥያቄው ከሚወድቅ አውሮፕላን በፓራሹት መትረፍ ከሆነ፣ አራት ዓመት ቀላል ቅድሚያ አይደለም። ዴይተን ውስጥ ብዕር የያዙ ሰዎች ቅርብ ነበሩ፤ ሌላው ትርፍ ነገር ነው።

በዚያው ጦርነት እንግሊዞች ፓራሹቱን ለባሉን ተመልካቾች ሰጥተው ለአውሮፕላን አብራሪዎቻቸው ነፍገዋል። ክብደቱና ቦታው አንድ ምክንያት ነበር፤ አብራሪው ቶሎ ተስፋ ቆርጦ አውሮፕላኑን ይጥላል የሚል ስጋትም ነበረበት ይባላል።

ዛሬ ሲረስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሚሠራቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚዘል ሰው የለም፤ ጣሪያው ላይ ያለው ቀይ እጀታ ሲሳብ ሮኬት ፓራሹቱን አስፈንጥሮ ያወጣና አውሮፕላኑ ከነተሳፋሪው ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ቴክሳስ ውስጥ የመጀመሪያውን አብራሪ አድኗል። እዚህም «አብራሪውን ያዘናጋል» ባዮች አልጠፉም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሞት አደጋው እንደታሰበው አልቀነሰም፤ የተሻለው አብራሪዎች «ሳይረፍድ ሳቡ» እየተባሉ በደንብ መሠልጠን ከጀመሩ በኋላ ነው።